«ተቃጠለ» ብላችሁ አትዝጉት

ልጆቼ፣ ትራንስፎርመር ለምን እንደሚያረጅና ለምን እንደሚበላሽ ማጥናት ለምትፈልጉ ነው የምጽፈው።

በሥራ ዘመኔ ካነበብኳቸው ሪፖርቶች ሁሉ የሚያሳዝነኝ «የብልሽቱ ምክንያት፦ ተቃጠለ» የሚለው ነው። ሰውዬው በምን ሞተ ሲባል ትንፋሹ ቆሞ ብሎ እንደ መመለስ ነው። እንዲህ ተጽፎ የተዘጋ ፋይል የሚቀጥለውን ትራንስፎርመር አያድነውም።

ነገሩ በደንብ የገባኝ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ከአንድ ሰፈር የተነሣ ትራንስፎርመር ክዳኑ ተከፍቶ፣ ዘይቱ ተቀድቶ፣ ኮይሉ (የሽቦው ጥቅል) ተሰቅሏል። አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ከኮይሉ ግርጌ፣ ሽቦው እርስ በርሱ እንዳይነካካ ከተጠቀለለበት ወረቀት ትንሽ ልጦ ሰጠኝ። ጠቁሯል፣ ግን ይታጠፋል። ከላይኛው ጫፍ የላጠውን ደግሞ መዳፌ ላይ ሲያኖረው እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ የተጠቀለሉ፣ በአንድ ዘይት ውስጥ የኖሩ ወረቀቶች ናቸው። ዘይቱ እየጋለ ወደ ላይ ስለሚወጣ የላይኛው ጫፍ ግን ዕድሜውን ሙሉ በባሰ ሙቀት ኖሯል።

የትራንስፎርመር ዕድሜ የወረቀቱ ዕድሜ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ዘይት ይጣራል፣ ቡሺንግ (ሽቦው ከትራንስፎርመሩ የሚወጣበት መከለያ) ይቀየራል፤ ወረቀቱ ግን ኮይሉ ካልተፈታ በቀር አይታደስም። ወረቀት የተሠራበት ነገር ሴሉሎስ ይባላል፤ የአዲስ ወረቀት የሴሉሎስ ሰንሰለት 1,000 ገደማ ቀለበቶች አሉት። ሙቀት፣ ውሃና ኦክስጅን እየቆራረጡ 200 አካባቢ ሲያደርሱት ጉልበቱ አልቋል። እዚህ ላይ አስተውሉልኝ፤ በዚህ ጊዜም ትራንስፎርመሩ ይሠራል፣ መብራትም አለ። አንድ ቀን ነፋስ ሁለት ሽቦ ያጋጫል፣ ሾርቱ ኮይሉን ይነቀንቀዋል፣ የደረቀው ወረቀት ይሰነጠቃል። ሰፈሩ «ነፋሱ አቃጠለው» ይላል። ነፋሱ ሲደርስ ግን ወረቀቱ ካለቀ ቆይቷል።

በተለመደው ወረቀት ላይ፣ ከ98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተነሥቶ በየ6 ዲግሪው የእርጅናው ፍጥነት እጥፍ ይሆናል፤ ዓለም አቀፉ የትራንስፎርመር ጭነት (የሚሳብበት ኃይል) መመሪያ የሚያሰላው እንዲህ ነው። ቀመሩን እወቁት፤ ግን እሱን ይዛችሁ ኮምፒውተር ፊት ብቻ አትቀመጡ። ትራንስፎርመር በተለምዶ የሚሠራው ከ1,000 ሜትር ለማይበልጥ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት እንደ ልብ አይወስድም። የጭነታችን ጠባይም የራሳችን ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ በበዓል ዋዜማ በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ስንቱ ምጣድ አብሮ እንደሚጋል አስቡት። ይህ ጭነት በዚህ ከፍታ ላይ ወረቀቱን ምን ያህል እንደሚያስረጀው ለክቶ ማሳየት፣ እኔ እንደማምነው፣ እዚህ አገር ያለ ወጣት ሊይዘው ከሚችለው ጥናት ሁሉ የላቀው ነው። ፊውዙ ተነቅሎ በቦታው ተራ ሽቦ የታሰረበት ካጋጠማችሁም መዝግቡት፤ የዚያ ትራንስፎርመር ታሪክ እኩሌታ እሱ ነው።

ሳይከፈት ውስጡን የሚነግራችሁ ዘይቱ ነው፤ ብልሽት ሲኖር ጋዞች ይፈጠሩና ዘይቱ ውስጥ ይሟሟሉ። የካናዳው የሃይድሮ ኬቤክ ተመራማሪ ሚሼል ዱቫል በ1974 (እንደ ፈረንጆቹ) ያወጣው የሦስት ማዕዘን ሠንጠረዥ ከነዚህ ጋዞች ሚቴንን፣ ኤቲሊንንና አሴቲሊንን አነጻጽሮ የብልሽቱን ዓይነት ይለያል፤ ዛሬም ይሠራበታል። አሴቲሊን ካየለ ውስጥ ኃይለኛ ብልጭታ አለ ማለት ነው። ዘይቱ ውስጥ ፉራን የሚባለው ውህድ የሚገኘው ደግሞ ከሚፈርሰው ወረቀት ነው። ይህ ሁሉ ግን ናሙናው ንጹሕ ሲሆን ነው። በወጣትነቴ በሐምሌ ዝናብ ቸኩዬ ከአንድ ትልቅ ትራንስፎርመር ናሙና ቀዳሁ። ቫልቩ ውስጥ የተኛውን ዘይት አስቀድሜ አላፈሰስኩም። ውጤቱ ውሃው በዝቷል አለ፤ በእኔ ሪፖርት ትራንስፎርመሩ ከአገልግሎት ወጣ፤ ሰዎችም ለሁለት ቀን መብራት በፈረቃ አገኙ። ሌላ ባለሙያ ደግሞ ሲለካው ውሃው የቫልቩ ሆኖ ተገኘ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ስለዚህ መጀመሪያ አፍስሱ፤ አየር በማያስገባ መርፌ ቅዱ፤ ሁለት ናሙና ውሰዱ፤ የዘይቱንም ሙቀት ጻፉ። ውሃ በወረቀቱና በዘይቱ መካከል እንደ ሙቀቱ ስለሚመላለስ፣ ሙቀቱ ያልተጻፈበት የውሃ ቁጥር ብዙም አይጠቅማችሁም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። የተጣለ ትራንስፎርመር ሲፈታ ካገኛችሁ፣ ለቁርጥራጭ ብረት ከመሸጡ በፊት ከኮይሉ ላይኛው ጫፍ፣ ከመሀሉና ከግርጌው የክብሪት ቀፎ የምታህል ወረቀት ውሰዱ። በየፖስታው ላይ የተሠራበትን ዓመት፣ የቆመበትን ሰፈርና የተነሣበትን ቀን ጻፉ። እኔ ለዓመታት ያጠራቀምኳቸው በመሳቢያዬ አሉ፤ ሊለካቸው ለሚፈልግ ወጣት ሁሉ እሰጣለሁ።