ስለ ጥቁር ሞዴሎችና ስለ ፋሽን መጽሔት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ቸርችል ጎዳና አካባቢ ስቱዲዮ ከፍቼ ሰው ማንሳት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የላካችሁልኝን ጥያቄ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቮግ ሽፋን ላይ የወጣችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ማን ናት?

ቮግ በየአገሩ የራሱ እትም ያለው የፋሽን መጽሔት ስለሆነ እንደየአገሩ ይለያል። በእንግሊዙ ዶንየል ሉና ናት፣ በ1966። በአሜሪካው ቤቨርሊ ጆንሰን፣ በ1974። በፈረንሳዩ ናኦሚ ካምቤል፣ በ1988። የሉናን ፎቶ ፈልጋችሁ እዩት። ፊቷን በእጇ ከልላለች፤ ጎልቶ የሚታየው በጣቶቿ መሃል ያለው ዓይኗ ነው። ባየሁት ቁጥር ይከነክነኛል።

ጥያቄ፦ ሞዴሏን ሊያ ከበደን የምናደንቃት የኛ ልጅ ስለሆነች ብቻ ይሆን?

በፍጹም። አዲስ አበባ ተወልዳ ሊሴ ገብረ ማርያም የተማረች ልጅ ናት። በ2002 የፈረንሳዩ ቮግ አንድ ሙሉ እትም ለእሷ ሰጠ። ሽፋኑን ብቻ አይደለም፣ እትሙን! በ2003 ደግሞ የመዋቢያ ድርጅቱ የኢስቴ ላውደር የመጀመሪያዋ ጥቁር የማስታወቂያ ፊት ሆነች። ድርጅቱ የተመሠረተው በ1946 ነው፤ ልዩነቱን ቁጠሩት። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያኮራኝ ግን ለምለም ነው። በ2007 ያቋቋመችው የልብስ ድርጅት ነው፤ የኛን ሸማኔዎች ሥራ ይዛ ወጣች። ፎቶ ላይ መታየት አንድ ነገር ነው። ሥራውን ማን ይሥራ ብሎ መወሰን ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ የጣልያኑ ቮግ የጥቁሮች እትም ምን ለወጠ?

የፋሽን ፎቶዎቹ በጥቁር ሞዴሎች የተሠሩበት የ2008 የጁላይ እትም ነው። ዋና አዘጋጇ ፍራንካ ሶዛኒ፣ ፎቶ አንሺው ስቲቨን ማይዝል። ገበያ ላይ አልቆ በድጋሚ ታተመ። «ጥቁር ሽፋን አይሸጥም» ለሚሉት በቂ መልስ ነበር። ማስታወቂያዎቹን ስትገልጡ ግን አብዛኞቹ ሞዴሎች ነጮች ናቸው። ገንዘቡ ያለው እዚያ ገጽ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ቁመቴ 1.68 ነው፤ ተስፋ ልቁረጥ?

አትቁረጪ እህቴ። ለመድረክ ብዙ ጊዜ 1.75 አካባቢ ይፈልጋሉ። ለፎቶ ማስታወቂያ ግን ፊትሽና አቋምሽ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ጠቆር ያለ ሰው ፎቶ ላይ ለምን ይጠፋል? ካሜራው ነው?

ካሜራውም፣ የያዘውም ሰው። ድሮ የፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች «ሸርሊ ካርድ» የሚባል ይልክ ነበር። ላዩ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። ቀለሙ የሚስተካከለው በእሷ ቆዳ ልክ ነበር። ዛሬም ቢሆን ነጭ የሀበሻ ቀሚስ የለበሰች ጠይም ሴት በአውቶማቲክ አንሷት። ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃን በዛብኝ ይላል፣ ሁሉንም ያጨልመዋል። ቀሚሱ ያምራል፣ ፊቷ የለም። ብርሃኑን ፊቷ ላይ ለኩ። ፍላሹን ፊት ለፊት አትልቀቁባት፤ ግንባሯ ላይ ያብለጨልጫል። ትልቅ ሶፍት ቦክስ፣ ማለትም ብርሃን የሚያለሰልስ የመብራት ሽፋን፣ በጎን አስጠጉ። ያኔ የጉንጯ አጥንት፣ የአንገቷ መስመር፣ ሁሉም ይወጣል። ጥቁር ቆዳ ብርሃንን ሲቀበል እንዴት እንደሚያምር አይታችሁ አትጠግቡም።

ለዚህ ነው ከሌንሱ ጀርባ ማን አለ የምለው። የአሜሪካው ቮግ ሽፋንን ጥቁር ፎቶ አንሺ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳው በ2018 ነው፣ ታይለር ሚቸል። ከቤቨርሊ ጆንሰን በኋላ 44 ዓመት!

ጥያቄ፦ እኛ ጋ «ቀላ አድርገኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ምን ታደርጋለህ?

ሥራ ስጀምር ተቀጥሬበት የነበረው ቤት ሙሽሮችን ሁሉ አቅላ ይለኝ ነበር። አደርገውም ነበር። አንድ ቀን የአንዲት ጠይም ሙሽራ እናት አልበሙን ገልጠው «ይቺ ደግሞ ማናት?» አሉ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ያን ቀን አልረሳውም። አሁን ብጉር አጠፋለሁ፣ የቆዳ ቀለም አልነካም። ይህን ቀብድ ከመቀበሌ በፊት እናገራለሁ። መጀመሪያ በጥሩ መብራት አንድ ፎቶ አንስቼ አሳያቸዋለሁ። አብዛኞቹ እሱን ካዩ በኋላ ቀላ አድርገኝ ማለቱን ይተዋሉ።