መልስ፦ ለኢንዶሜትሪዮሲስ የቀረኝ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው ወይ?

እህቴ፣ አይዞሽ። የወር አበባ ሕመሙ ከሥራ እያስቀረሽ አልትራሳውንዱ «ምንም የለም» ማለቱ ግራ ቢያጋባሽ አይገርምም። ግን ንጹህ አልትራሳውንድ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚበቅልበት ሕመም) የለም ማለት አይደለም። ትንንሾቹ ቁስሎች ብዙ ጊዜ በምስል አይታዩም። «የወር አበባ ሲያም ያለ ነው» ብሎ የሚሸኝሽ ሐኪም ካጋጠመሽ ሌላ ፈልጊ።

ቀዶ ሕክምና ብቻ አልቀረሽም። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ሕመሙ ሳይብስ ቢወሰዱ ይሻላል (ጨጓራ ወይም ኩላሊት ካመመሽ ግን ሐኪም ሳታማክሪ አትውሰጂ)። ከዚያ ሆርሞን አለ፦ የእርግዝና መከላከያ ክኒን፣ ፕሮጄስቲን ብቻ ያለው ክኒን፣ ሆርሞን ያለው ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ መከላከያ)። አንዱ እምቢ ቢል ሌላው ሊስማማሽ ይችላል። ለውጡን ለማየት 3 ወር ያህል ታገሺ። ልጅ አሁን የምትፈልጊ ከሆነ ግን ቀድመሽ ተናገሪ፤ የሕክምናው ዕቅድ ይቀየራል።

ወደ ላፓሮስኮፒ (ሆድ ላይ በሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ከተደረሰ ዋናው የሐኪሙ ልምድ ነው። ሳታፍሪ ጠይቂ። እንዲህ ያለ ስንት ሠርተዋል? ቁስሉን ቆርጠው ያወጣሉ ወይስ ያቃጥላሉ? አንጀት ወይም ፊኛ ላይ ቢገኝስ? ማህፀንሽ ይውጣ ካሉሽ አትቸኩዪ፤ ከዚያም በኋላ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል።

እስከ ቀጠሮሽ ድረስ የሚያምሽን ቀንና ቦታ፣ የወሰድሽውንም መድኃኒት በማስታወሻ ያዢ።