«ማመንታት» ወይስ «መጠራጠር»? ስለ ልጆች ክትባት መጠይቅ

ጥያቄ፦ በጤና ጥናቶች ላይ መረጃ ሰብሳቢ ነኝ። ትንንሽ ልጆች ያሏቸውን ወላጆችና አሳዳጊዎች ስለ ክትባት የምንጠይቅበትን መጠይቅ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስን ነው። እንግሊዝኛው vaccine hesitancy የሚለውን ግማሾቻችን «የክትባት ጥርጣሬ» ይባል አልን፤ ግማሾቻችን «የክትባት ማመንታት»። አንድ ባልደረባችን «ያው ነው፣ ቃል ላይ አትጨቃጨቁ» ይለናል። እውነት ያው ነው?

መልስ፦ ያው አይደለም። ባልደረባዎ ቢቀየሙኝም እላለሁ፤ መጠይቅ ውስጥ ከቃሉ በቀር ሌላ መለኪያ የለም። ሙቀት የሚለካው በቴርሞሜትር ነው። የወላጅ ልብ የሚለካው በተጠየቀበት ቃል ነው። ቃሉ ከተቀየረ የተለካው ነገርም ተቀይሯል።

መጀመሪያ ግሶቹን እንያቸው። «ጠረጠረ» ተሳቢ ይፈልጋል፤ ሰውን ወይም ነገርን ይጠረጥራል። ፖሊስ የያዘው ሰው «ተጠርጣሪ» የሚባለው ለዚህ ነው። «ተጠራጠረ» ትንሽ ለስለስ ቢልም ዓይኑ ያው ወደ ውጭ ነው፤ ክትባቱን፣ ሐኪሙን፣ አምራቹን ያያል። «አመነታ» ግን የሚቀጥለው ሥራ ነው፤ «ለማስከተብ አመነታች»፣ «ለመሄድ አመነታ» እንላለን። ዓይኑ ወደ ውስጥ፣ ወደ ራስ ውሳኔ ነው።

ሁለት እናቶችን ያስቡ። አንዷ በክትባት ታምናለች። ባለፈው ግን ልጇ ከተከተበ በኋላ ሌሊቱን ሲያተኩሰው አደረ። የሚቀጥለው ቀጠሮ ሲደርስ ካርዱን አወጣች፣ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። «ሳምንት ይሁን» አለች። ይህቺ እናት አመነታች እንጂ ክትባቱን አልተጠራጠረችም። ሌላዋ ስለ ክትባቱ የሰማችው ወሬ ልቧን አላሳረፈውም፤ ሆኖም ቀጠሮ አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም። እሷ ደግሞ ተጠራጠረች እንጂ አላመነታችም። መጠይቁ «ይጠራጠራሉ?» ቢል የመጀመሪያዋ እናት ታመልጣችኋለች። ከአንድ ሳምንት መዘግየት በፊት ልትደርሱላት የሚገባት ደግሞ እሷ ነበረች።

ጽንሰ ሐሳቡም ራሱ በአንድ ቦታ አልቆመም። የዓለም ጤና ድርጅት አማካሪ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 የሰጡት ፍቺ፣ አገልግሎቱ እያለ ክትባትን ማዘግየት ወይም እምቢ ማለት የሚል ነበር። ይህ ድርጊት ነው። በ2022 ግን ድርጅቱ ነገሩን የልብ ሁኔታ አደረገው፤ ስለ መከተብ ልብ ለሁለት መከፈል ወይም መቃወም። «ልብ ለሁለት መከፈል» የሚለውን ሳነብ ደስ አለኝ፤ አማርኛ ይህንኑ በአንድ ግስ ይለዋልና።

«አመነታ» የወጣው ከ«መንታ» ነው። በመንታ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ነው፤ ልቡ መንታ ሆኗል። «የለም፣ ከ‹አመነ› ነው፤ ማመንታት ጎዶሎ እምነት ነው» የሚሉ አሉ። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ በተለይ የጤና ባለሙያዎች ስለ «መተማመን» ብዙ ስለሚያወሩ ቶሎ ይቀበሉታል። ግን አያስኬድም። «አመነ» ሲባል «መ» ይጠብቃል፤ «አመነታ» ሲባል ይላላል። ከዚያም «ታ» ከየት መጣች? ከ«አመነ» ሊያወጧት አይችሉም፤ «መንታ» ውስጥ ግን ቁጭ ብላለች። ግዕዝም ምስክሬ ነው። «መንፈቅ» ግማሽ ነው፤ ከዚያው ሥር የወጣው «ናፈቀ» በግዕዝ ተጠራጠረ፣ በሁለት ሐሳብ ሆነ ማለት ነው። «መናፍቅ»ም ከዚሁ ነው። በአማርኛ «ናፈቀ» ወደ ፍቅርና ወደ ናፍቆት መሄዱ ሌላ ቀን የምመለስበት ነገር ነው። ጀርመኖችም ጥርጣሬን የሚጠሩበት ቃል ከ«ሁለት» ቁጥራቸው ይነሳል። የእንግሊዝኛው ቃል ግን በላቲን መነሻው ተጣብቆ መቅረት ነው፤ ማጥ ውስጥ እንደ ገባ ሰው። የእኛው ይሻላል እላለሁ። የሚያመነታ ወላጅ ማጥ ውስጥ አይደለም፤ ሁለት መንገድ እያየ ነው።

«ማወላወል» አይሆንም፤ ወቀሳ አለበት። «ማንገራገር» ከማመንታት አልፎ ወደ እምቢታ ይጠጋል። «ማቅማማት» ጥሩ ቃል ነው፤ «ሳያቅማማ ተቀበለ» እንላለን። እኔ ግን ከ«ማመንታት» ጋር እቆያለሁ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ከማስረጃው በላይ የሚመዝነው ጆሮዬ ነው።

አሁን «የክትባት ማመንታት» ወደሚለው ልምጣ፤ በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። «የልጁ ማልቀስ» ሲባል ያለቀሰው ልጁ ነው። «የክትባት ማመንታት» ሲባልስ ያመነታው ማነው? ክትባቱ? ትክክለኛው «ለማስከተብ ማመንታት» ነው። ስለ ልጅ ሲሆን አስደራጊው «አስከተበ» ነው የሚያስፈልገው። ወላጅ አይከትብም፣ አይከተብም፤ ያስከትባል።

ከዚህ የባሰም አለ። አንድ ጊዜ መጠይቅ ሲሞከር አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ጠያቂዋ እንደተጻፈላት አነበበች፦ «በክትባት ጉዳይ ማመንታት አለብዎት?» ሕፃን ያቀፈችው እናት ዝም አለች። ከዚያ «አለብኝ እንዴ?» አለች። እውነቷን ነው። በአማርኛ ንዑስ አንቀጽ ላይ «አለብዎት» ሲጨመር ግዴታ ይሆናል፤ «መሄድ አለብዎት» እንደማለት። ጥያቄው ስለ ልቧ መሆኑ ቀርቶ ምክር ሆነባት። ደግሞ «ስኳር አለብዎት?» እንደሚባለው በሽታም ይመስላል። ልጇን ይዛ የመጣች እናት ይህን ይዛ ወደ ቤቷ ብትሄድስ? በጥናት ስም ማመንታትን ዘራን ማለት ነው። ስለዚህ ስሙን ለጥናቱ ርዕስ ይተዉትና ጥያቄውን በግስ ይጠይቁ፦ «ልጅዎን ለማስከተብ አመንትተው ያውቃሉ?»

የመልሱ አማራጮችም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የተዘጋጀና በብዙ ቋንቋ የተተረጎመ የወላጆች መጠይቅ አለ። 15 ጥያቄዎች አሉት፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ይሰላል፤ 50ና ከዚያ በላይ ያመጣ ወላጅ አመንቺ ይባላል። አንዱ ጥያቄ ወላጁ ራሱን ምን ያህል አመንቺ አድርጎ እንደሚቆጥር ይጠይቃል። መሐል ላይ ያለው አማራጭ «እርግጠኛ አይደለሁም» ነው። ይህን በቀጥታ ወደ አማርኛ ሲመልሱ ምን እንደሚሆን ይዩ። «ያመነታሉ?» «እርግጠኛ አይደለሁም።» በአማርኛ ይህ ራሱ ማመንታት ነው! ነጥቡ ግን የመሐል ነው የሚሰጠው፤ አመነታለሁ ያለው ወላጅ ሁለት ሲያገኝ «እርግጠኛ አይደለሁም» ያለችው እናት አንድ ታገኛለች። እኔ ብሆን «ይህን ለመመለስ ይከብደኛል» እላለሁ። ያኔ እርግጠኛ ያልሆነችው ስለ መልሷ እንጂ ስለ ክትባቱ አለመሆኑ ይለያል።

አሉታዊ ጥያቄንም ይሽሹ። «አላመነቱም?» ሲባሉ «አዎ» ያሉ እናት አላመነታሁም ማለታቸው ነው። «አዎ» የሚለውን እንደ እንግሊዝኛው ቆጥሮ ያመነታች ብሎ የሚመዘግብ ሰው ካለ ስሌቱ ተገልብጧል። ብዙ ጠያቂ ባለበት ጥናት ይህ ስህተት በኋላ ተፈልጎ አይገኝም።

አሁን ሳልወድ የምቀበላቸውን ልናገር። እምቢ ያለ ሰው አላመነታም፤ ወስኗል። ቢሆንም በሙያው ቃሉ እምቢ ባዩንም አቅፎታል፤ የ2014ቱም የ2022ቱም ፍቺ ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ያስገባል። እኔ ብለያቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ቢያንስ በመጠይቁ «አዘግይተው ያውቃሉ?» እና «እምቢ ብለው ያውቃሉ?» የሚሉትን በየፊናቸው ይጠይቁ። «የክትባት ማመንታት»ም በርዕስነት እየተለመደ ነው። አጭር ነው፤ ያሸንፈኛል።

ለነገሩ «ክትባት» ራሱ ከሥሩ ርቆ ሄዷል። «ከተበ» በግዕዝ ጻፈ ነው፤ «ክታብ»ም ከዚያው ነው። ክትባት የተባለውም ቆዳ ላይ ስለሚጻፍ፣ ምልክት ስለሚተው ነው። ፈረንጆቹ ግን ስሙን ከላም ወስደውታል፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጄነር እ.ኤ.አ. በ1796 አንድ የስምንት ዓመት ልጅ የከተበው ከላም ፈንጣጣ በተወሰደ ፈሳሽ ነበርና። ፈንጣጣ ከዓለም ሲጠፋ የተሠራበት መርፌ ደግሞ ጫፉ መንታ ነበር፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ዛሬ የፖሊዮ ጠብታ አፍ ውስጥ ሲንጠባጠብም «ክትባት» እንላለን። የተጻፈ ነገር የለም፣ ጠባሳ የለም። ወጣት ሳለሁ «ጠብታ ነው እንጂ ክትባት አይደለም» ብዬ እከራከር ነበር። አሁን ትቼዋለሁ። በመጠይቁ ላይ ግን «መርፌም ሆነ ጠብታ» ብለው ይጨምሩ፤ አንዳንድ ሰው ክትባት ሲባል ትዝ የሚለው መርፌው ብቻ ነው።

የመጨረሻው «አሳዳጊ» ነው። «ተንከባካቢ» የሚሉ አሉ፤ ቃሉ የቢሮ ሽታ አለው። «አሳዳጊ» ይበልጣል። ሆኖም ለአንድ ቀን ልጁን ይዘው ቀጠሮ የመጡ አያት አሳዳጊ አይደሉም፤ ውሳኔውም የእሳቸው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት «ልጁን ለማስከተብ ወይም ላለማስከተብ በቤት ውስጥ የሚወስነው ማነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «እኔ አይደለሁም» ከሆነ ያመነታው ሌላ ሰው ነውና መጠይቁን ይዘው ወደ እሱ ይሂዱ።