የቢዝነስ ፒኤችዲ፦ ከፋዩ ማነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ባንክ ነው የምሠራው፣ ብድር ክፍል፣ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ማስተርሴ በአካውንቲንግና ፋይናንስ ነው፣ ውጤቴ 3.7። ሐሳቤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ማስተማርና ጥናት መሥራት ነው። በቅርቡ ውጭ አገር ላለ አንድ ትምህርት ቤት ለዶክትሬት አመለከትኩና በሁለት ሳምንት ውስጥ «እንኳን ደስ አለሽ» የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። ፈተና አልጠየቁኝም፣ ቃለ መጠይቅም አልነበረም። ክፍያው በሦስት ዓመት 42 ሺህ ዶላር ነው። እናቴ ዕቁቤን ልስጥሽ፣ መኪናዋም ትሸጥ እያለች ነው። ወንድሜ ደግሞ ተረጋጊ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል? (ሜ. ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መኪናዋ አትሸጥ። የእናትሽንም ዕቁብ አትንኪው።

አንቺ ልበልሽ መቼስ። እኔ ከወንድምሽ ጋር ነኝ። ከነገርሽኝ ተነስቼ ስገምት የተቀበሉሽ ለዲቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ዶክትሬት) ነው፣ ወይም እሱን ለሚመስል ነገር። ዲቢኤ ራሱ ማጭበርበር አይደለም፣ አንቱ የተባሉ ትምህርት ቤቶችም ይሰጡታል። ግን የተዘጋጀው ሥራ ላይ ላሉ ኃላፊዎች ነው፣ ከፋዩም ብዙ ጊዜ ራሱ ተማሪው ወይም መሥሪያ ቤቱ ነው። ፈተና የለም፣ ቃለ መጠይቅ የለም፣ መልሱ በሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ቀጥታ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሲመጣ ግን እኔ እጄን ኪሴ ላይ አደርጋለሁ።

አሜሪካ ውስጥ ደንበኛው የቢዝነስ ፒኤችዲ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ገንዘቡ የሚሄደው ከትምህርት ቤቱ ወደ ተማሪው ነው። የትምህርት ክፍያሽን ይሰርዙልሻል፣ በየወሩ ስታይፔንድ (የኑሮ መደጎሚያ) ይሰጡሻል፣ በምትኩ ፕሮፌሰር ጥናት ላይ ትረጃለሽ፣ ቆየት ብለሽ ደግሞ የዲግሪ ተማሪ ታስተምሪያለሽ። አራት አምስት ዓመት እንዲህ ነው። ዜግነት አይጠይቅም፣ የአገሩ ልጅም አንቺም እኩል ነው የምታገኙት። ይህን ለእናቴ ያስረዳሁ ቀን «ተማሪ ሆነህ ደሞዝ? ምን አሠርተውህ ነው?» ብለው ሳምንት ሙሉ ሲጠራጠሩኝ ከረሙ።

ታዲያ ለምን ሰው ሁሉ አይሄድም? ወንበሩ የለማ። አንድ የአካውንቲንግ ወይም የፋይናንስ ዲፓርትመንት በዓመት የሚቀበለው ሁለት ሦስት ሰው ነው፣ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ አይቀበልም። ለእያንዳንዱ ሰው ለዓመታት ስለሚከፍሉ ይጠነቀቃሉ። ኮሚቴው የሚፈልገው ጥናት ይዞ እስከ መጨረሻው የሚዘልቅ ሰው ነው። ጎበዝ የባንክ ሠራተኛ መሆንሽ ብቻውን ይህን አያሳይም።

የራሴን ልንገርሽ። መጀመሪያ ስድስት ቦታ አመልክቼ ስድስቱም አባረሩኝ። ስቴትመንቴ (ለምን መማር እንደምፈልግ የጻፍኩት ጽሑፍ) «ከልጅነቴ ጀምሮ» ብሎ ይጀምርና «አገሬን ለማሳደግ» ብሎ ያልቃል። መሀሉ ላይ የሥራ ልምዴ ነበር፣ ሲቪዬ ላይ ያለው ራሱ ተገልብጦ። አንዱ ፕሮፌሰር ደግ ሆኖ ለምን እንደወደቅኩ ጻፈልኝ፦ ምን ማጥናት እንደምትፈልግ ሊገባን አልቻለም። በቃ ይኸው ነው። አንድ ዓመት ጠብቄ ስመለስ ስለ አገር ፍቅሬ አንድ ቃል አልጻፍኩም፣ አንድ ጥያቄ ይዤ ሄድኩ።

አንቺ ደግሞ ጥያቄው እጅሽ ላይ ነው ያለው። ባንኮቻችን ወደ አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደንብ) ከገቡ ወዲህ ብድር እስኪበላሽ አይጠብቁም፣ ሊበላሽ ይችላል ብለው ከወዲሁ ገምተው መጠባበቂያ መያዝ አለባቸው። የሒሳብ መዝገብ የሌለውን ነጋዴ የብድር ኦፊሰሩ በምን ይገምተዋል? መያዣ ቤቱን እያየ ነው? የቴሌብር እንቅስቃሴውን? ወይስ ደንበኛውን ስለሚያውቀው ብቻ? ሕጉ የተጻፈው መረጃ ሞልቶ በተረፈበት አገር ነው፣ አንቺ ደግሞ መረጃው ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ስምንት ዓመት ቁጭ ብለሽ አይተሻል። ይህን በሁለት ገጽ ጻፊው፣ ከዚያ ማን እንዲህ ዓይነት ጥናት እንደሚሠራ ፈልጊና እሱ ያለበትን ትምህርት ቤት ምረጪ። ስም ያለውን ትምህርት ቤት ብቻ እያሳደዱ ማመልከት ገንዘብ መጨረስ ነው።

ገንዘብ ካልን፣ ወጪ አለው፣ ግን 42 ሺህ አይደለም። የመግቢያ ፈተናው ጂአርኢ ወደ 220 ዶላር ነው፣ በሱ ፋንታ ጂማት የሚባለውንም ፈተና ይቀበላሉ፣ የሁለቱም ውጤት አምስት ዓመት ያገለግላል። በጂአርኢ ፈተናው ቀን አራት ትምህርት ቤት ከመረጥሽ ውጤቱን በነፃ ይልኩልሻል፣ ስለዚህ አራቱን አስቀድመሽ ለይተሽ ግቢ። የማመልከቻ ክፍያ ቦታው ይለያያል፣ ከ75 እስከ 125 ዶላር አካባቢ አስቢ። ታዲያ አትፈሪ፣ የዶክትሬት ፕሮግራሙን አስተባባሪ «ክፍያው ቢነሳልኝ» ብለሽ በትህትና ጻፊላት፣ የሚያነሱ አሉ፣ እምቢ ቢሉሽም አይቀየሙሽም። ለቀረው በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ዘመድ ፈልጊ። ቶፍል (የእንግሊዝኛ ፈተና) ላይ ከመሮጥሽ በፊት ደግሞ ትምህርቴ በእንግሊዝኛ ነበር የሚል ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲሽ ይበቃ እንደሆነ ጠይቂ፣ አንዳንዶቹ ይበቃል ይላሉ።

ቀኑን ተጠንቀቂ። አብዛኞቹ የሚዘጉት ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ነው፣ በእኛ ከህዳር መጨረሻ እስከ ጥር 7 ገደማ መሆኑ ነው። ማለትም ለዘንድሮ የምታመለክች ሰው መስከረም ላይ ፈተናውን ጨርሳ መገኘት አለባት።

ደብዳቤው ሲመጣ (ይመጣል ብለን እንነጋገር) ከደስታው በኋላ እነዚህን ጠይቂ። ስታይፔንዱ የ9 ወር ነው የ12? ክረምት ምን እበላለሁ? የጤና ኢንሹራንስ አለበት? ለስንት ዓመት ነው ቃል የገቡልኝ? ያገባሽ ከሆነ ደግሞ ባልሽ በኤፍ 2 (የተማሪ ቤተሰብ) ቪዛ ሲመጣ መሥራት እንደማይችል ከአሁኑ ተነጋገሩበት። ይህን ሳያውቁ መጥተው በአንድ ስታይፔንድ ልጅ ሲያሳድጉ ያየኋቸው ሰዎች አሉ። ቶሎ ወስኚ ብለው ቢያጣድፉሽም አትደንግጪ፣ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ ያቀረቡለትን ተማሪ ከኤፕሪል 15 በፊት እንዲወስን ላለማስገደድ የተስማሙበት ሰነድ አለ።

አውሮፓን ካሰብሽ አካሄዱ ይለያል። ኔዘርላንድስና ስዊድን ፒኤችዲ ባብዛኛው ቅጥር ነው፦ ማስታወቂያ ይወጣል፣ እንደ ሥራ ታመለክቻለሽ፣ ደሞዝ አለው፣ ማስተርስ ግን ብዙ ጊዜ ይጠይቃሉ። አንቺ ስላለሽ አሜሪካንም አውሮፓንም ሞክሪ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እኔ በዲቪ መጥቼ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ራይድ እነዳለሁ። 38 ዓመቴ ነው። አገር ቤት በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ፣ ማስተርስ የለኝም። ባለቤቴ ነርሲንግ ሆም ትሠራለች፣ አንድ ልጅ አለን። ፒኤችዲ ማሰቤ እብደት ነው? (ዳ.)

መልስ፦ ኧረ አይደለም ወንድሜ። ማስተርስ አለመኖሩም አያስቀርህም፣ አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ የቢዝነስ ፒኤችዲዎች ከመጀመሪያ ዲግሪ ቀጥታ ይቀበላሉ። ዕድሜህም እኔን አላሳሰበኝም። ያሳሰበኝ ሒሳቡ ነው። የመጀመሪያ ሁለቱ ዓመታት ኮርሶች ውስጥ ኢኮኖሜትሪክስ (ስታቲስቲክስን በኢኮኖሚ ዳታ ላይ መጠቀም) እና ማይክሮ ኢኮኖሚክስ አሉ፣ ብዙ ቦታ ለኢኮኖሚክስ ተማሪዎች በሚሰጠው ልክ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ካላለፍክ የሚያሰናብት ፈተና አለ። የእኛ አገር የአካውንቲንግ ዲግሪ ለዚህ አያዘጋጅም፣ እኔ ራሴ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ሌሊት ሌሊት ሳለቅስ ነበር ብል አላጋነንኩም። ደግነቱ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ቅርብህ ነው፣ ለካውንቲው ነዋሪ ክፍያው ቀለል ይላል። ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ስታቲስቲክስ በማታ ውሰድ። በኤ ካለፍክ ኮሚቴውም ያያል፣ አንተም ራስህን ታያለህ፤ ከጠላኸው ደግሞ በጥቂት ገንዘብ አወቅከው ማለት ነው።

ኪስህን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ፣ ስታይፔንዱ ራይድ ነድተህ ከምታገኘው ሊያንስ ይችላል። ግሪን ካርድ ስላለህ ውጭ መሥራት በሕግ አትከለከልም፣ ፕሮግራሞቹ ግን ያለፈቃድ ሌላ ሥራ እንዳትሠራ የሚያስፈርሙ አሉ፣ ጊዜውም አይኖርህም። ስለዚህ ለዓመታት ቤቱን ባብዛኛው ባለቤትህ ትሸከማለች ማለት ነው። ይህን ከእኔ በፊት እሷን ጠይቃት። ሌላው፣ ትራንስክሪፕትህ እንዲገመገም ከጠየቁህ የቀድሞ ዩኒቨርሲቲህ ራሱ መላክ ሊኖርበት ነው፣ ስለዚህ አዲስ አበባ ሬጅስትራር የሚመላለስልህ ሰው ከአሁኑ ያዝ።

ጥያቄ፦ አንድ ቢሮ 80 ሺህ ብር ከከፈልክ ስቴትመንቱንም ሪኮመንዴሽኑንም እናዘጋጃለን አለኝ። አስተማሪዎቼ ደግሞ «ራስህ ጽፈህ አምጣ፣ እፈርማለሁ» ነው የሚሉት። ታዲያ ምን ልዩነት አለው? (ቢ. ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ለቢሮው አትክፈል። አሜሪካ ያሉ ትምህርት ቤቶች ለመጨረሻው ዙር የደረሰን ሰው ብዙ ጊዜ በቪዲዮ ያናግሩታል፣ ጥያቄውም ከጻፍከው ላይ ነው። ሌላ ሰው የጻፈልህን ሐሳብ ሃያ ደቂቃ መከላከል አትችልም።

የአስተማሪዎችህ ነገር ያበሳጫል፣ ግን ሥራ ስለሚበዛባቸው ነው፣ ክፋት የላቸውም። ደብዳቤ አትጻፍላቸው፣ ማስታወሻ ስጣቸው፦ የትኛውን ኮርስ ወሰድክ፣ ስንት አመጣህ፣ መመረቂያ ጽሑፍህ ስለ ምን ነበር፣ ዳታውን ከየት ለቀምክ፣ የትኛው ቦታ ላይ ተሳስተህ እንዴት አረምከው። ከዚያ በራሳቸው ቋንቋ ይጻፉት። ሦስቱም ሰዎች ጥናትህን የሚያውቁ ይሁኑ፣ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ «ታታሪና ሰዓት አክባሪ» ብሎ ቢጽፍልህ ለዚህ አይጠቅምህም። የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ካላቸው በሱ ይላኩልህ፣ ከጂሜይል የሚመጣውን የሚጠራጠሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። ጥቅምት ላይ ጠይቃቸው፣ ህዳር ላይ አስታውሳቸው፣ ሳምንት ሲቀር ደውል፣ ሲቻል በአካል ሂድ። የእኔ መምህር ደብዳቤውን የሚያስገቡበትን ሊንክ የከፈቱት በመጨረሻው ቀን ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ እኔ ስልኬን እያበራሁላቸው ነው። ደብዳቤው ደርሷል የሚል ጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ ከቢሯቸው አልወጣሁም።