የቡናው ደብተር የት ገባ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የዘጌ ልጅ ነኝ፤ አሁን ባሕር ዳር ቀበሌ 14 አክስቴ ጋ ነው የምኖረው። በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ዘጠኝ ቦታ አመለከትኩ፤ አንዱም አልጠራኝም። አሁን ጣና ዳር ያለ አንድ ሎጅ «ጁኒየር አካውንታንት፣ 0 ዓመት ልምድ» ብሎ ማስታወቂያ አውጥቷል። ከሲቪ ጋር የማመልከቻ ደብዳቤ ይፈልጋል። እስከ ዛሬ የማስገባውን ልኬልዎታለሁ፤ ይዩልኝ። የአባቴን የቡና ሂሳብ ከመያዝ በቀር ልምድ የለኝም። ሲጂፒኤዬም (የዩኒቨርሲቲ አማካይ ውጤቴ) 2.7 ነው፤ ምክንያቱን ልጻፍ? ደግሞስ የሚያውቀኝ ሰው ሳይኖር ደብዳቤ ምን ይፈይዳል?

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ገና ሳልጨርሰው በቃሌ ወጣሁት። «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በግልም በቡድንም መሥራት የምችል ስለሆንኩ ብቀጠር የበኩሌን አስተዋጽኦ የማበረክት መሆኔን እገልጻለሁ።» ሆቴል ቤት ፐርሶኔል ሆኜ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ሰነፍ ነኝ ብሎ ያመለከተ አንድም ሰው አልገጠመኝም።

ስልክሽን ስለተውሽልን ደውዬ ስለዚያ ቡና ጠየቅኩሽ። «ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ነው» አልሽኝ። ስንት ፈረሱላ ለማን እንደተሰጠ፣ በስንት ብር፣ ስንቱ በዱቤ እንደቀረ በደብተር ትይዣለሽ። አንድ ዓመት ያንቺና የነጋዴው ሂሳብ አልገጥም አለ። ጆንያ በጆንያ ወደ ኋላ ሄደሽ ስትፈልጊ ሰውየው ፈረሱላውን በ17 ኪሎ ሳይሆን በ18 ሲቆጥር አገኘሽው። አባትሽም ገንዘባቸውን አስመለሱ። ይኼን ሁሉ ሠርተሽ ነው እንግዲህ «ልምድ የለኝም» የምትይኝ!

ደብዳቤሽ ከዚህ ይጀምር። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የቤተሰቤን የቡና ሽያጭና የዱቤ መዝገብ ይዣለሁ። በአንድ ዓመት ሽያጭ ላይ በሚዛን ስሌት የመጣ ጉድለት አግኝቼ ገንዘቡ ተመልሷል። ማስታወቂያችሁ ላይ ‹የዕለት ግዥን መመዝገብ› የሚል የሥራ ድርሻ አይቻለሁ። በገበሬና በነጋዴ መካከል በዱቤ የሚካሄድ ግብይትን መመዝገብ የለመድኩት ሥራ ነው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በያት። ጣና ዳር ሎጅ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። አስጋሪው ቀረሶውንና አምባዛውን ይዞ በጓሮ ይመጣል። ምግብ አብሳዩ ይመዝናል፣ ገንዘብ ይከፈላል፣ ደረሰኝ የለም። ማታ ሂሳብ ክፍሉ ራሱን ይይዛል። ደብዳቤሽን የሚያነበው ሰው ይኼ ችግር ካለበት ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ይስባል።

ስለ ሲጂፒኤው፦ አትጻፊው። የትምህርት ማስረጃሽ ላይ አለ፤ ያዩታል። ደብዳቤ ላይ ምክንያት መደርደር ያልተጠየቁትን መናዘዝ ነው። የመውጫ ፈተና ማለፍሽን ግን በአንድ መስመር ጥቀሺ።

ስለ ዘመድ አልዋሽሽም። ስሙ አስቀድሞ የተያዘ ቦታ አለ፤ እዚያ ደብዳቤሽ ወርቅ ቢሆንም አይሠራም። የትኛው እንደሆነ ግን ከውጭ አይታወቅም። እኔ በነበርኩበት ቤት ማንም ሳያውቃቸው በማመልከቻቸው ብቻ ለፈተና የጠራናቸው ነበሩ። ብዙ አልነበሩም፤ ግን ነበሩ።

ሌላው ቀላል ነው። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የማስታወቂያውን ቁጥርና የሥራ መደቡን «ጉዳዩ» ላይ አስገቢ። ስምሽ ከነአያት፣ ዲግሪሽ ላይ እንዳለው ይሁን። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ከሆነ በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ ጻፊ። ስልክሽን ደግመሽ አረጋግጪ፤ አንድ ቁጥር ጎድሎባት ያጣናት ጎበዝ ልጅ ነበረች።

የድርጅቱን ስም ባዶ ትተሽ ፎቶ ኮፒ ያደረግሽውንና በእስክሪብቶ የምትሞይውን ወረቀት ግን ዛሬውኑ ጣይው። እኔም ተዋርጄበታለሁ። በ1991 ዓ.ም. ሥራ ስፈልግ ደብዳቤዬን መንገድ ዳር ታይፕ ለሚመታ ሰው ሰጠሁት። ከእኔ በፊት ለአንዲት ነርስ ጽፎ ኖሮ የሷን ቅጂ እያየ ስሜን ብቻ ቀየረ። ለሂሳብ ሥራ «በነርስነት ሙያዬ ሕዝቤን ለማገልገል» ብዬ አመለከትኩልሽ! ኃላፊው ስድስት ሰው ባለበት ክፍል ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ሳልፈርም ባነበው ኖሮ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።

ደብተሩ አሁንም ዘጌ ከሆነ በሚመጣው ጀልባ ይላክልሽ። ለቃለ መጠይቅ ከጠሩሽ ይዘሽው ግቢ።