የክፍል ደረጃና ኤታር፦ ጥያቄና መልስ

ሲድኒ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። የኤችኤስሲ (የ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ) ውጤት ሲቃረብ ወላጆች ደጋግመው ይደውሉልኛል፤ ጥያቄውም ያው ነው፦ የክፍል ደረጃና ኤታር፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚታየው ደረጃ። ዛሬ ባንድ ላይ ጠይቁኝ። የማወራው ስለ ኒው ሳውዝ ዌልስ ብቻ ነው።

አንዲት እናት፦ መምህር፣ ልጄ በኬሚስትሪ ትምህርት ቤት የሰጠው 92 ነበር። ውጤቱ ላይ ግን የትምህርት ቤት ነጥብህ 81 ነው አሉት። ማን ቀነሰበት?

መልስ፦ ማንም አልቀነሰበትም፣ እህቴ። ይሄን ረጋ ብለን እንየው።

የአንድ ትምህርት ውጤት ግማሹ የመጨረሻው ፈተና ነው። ግማሹ ትምህርት ቤቱ የሰጠው ነጥብ። ግን አንዱ አስተማሪ ለጋስ ነው፣ ሌላው እጁ አይፈታም። ስለዚህ ፈተናውን የሚያወጣው ኔሳ የትምህርት ቤቱን ነጥብ እንዳለ አይወስድም። ክፍሉ፣ ማለትም ያን ትምህርት በትምህርት ቤቱ የሚወስዱት ሁሉ፣ ፈተና ላይ ባመጣው ልክ ይቀይረዋል። ሞደሬሽን የሚሉት ይሄን ነው።

አምስት ልጆች ያሉበትን ክፍል እንይ። ትምህርት ቤቱ 95፣ 90፣ 85፣ 80፣ 75 ሰጣቸው። ፈተና ላይ ክፍሉ ያመጣው 85፣ 78፣ 70፣ 62፣ 55 ነው። አሁን አንደኛው 85 ይያዝለታል፣ የመጨረሻው 55። የመሃሎቹ በነበራቸው ርቀት ይደለደላሉ፦ 77.5፣ 70፣ 62.5። የክፍሉ አማካይ ከፈተናው አማካይ ጋር እኩል 70 ሆነ። 95 የሚባለው ቁጥር የለም። የቀረው ልጁ ስንተኛ እንደሆነና ከጎኑ ካሉት ምን ያህል እንደሚርቅ ነው።

ያን 85 ያመጣችው በክፍል ሦስተኛ የነበረችው ልጅ ብትሆንስ? ለፈተናዋ 85ቷን ታገኛለች። የትምህርት ቤት ነጥቧ ግን 70 ነው። በዚያ በኩል 85ቱ የሚያዘው ለአንደኛው ነው፣ እሱ ፈተናው ባይቀናውም። ነጥብ አትቁጠሩ። ደረጃ ተመልከቱ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ እንግዲያው ደረጃ ከሆነ፣ ጓደኛዬ ሁለተኛ ናት፣ እኔ አንደኛ። ኖቴን ባልሰጣት አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም፣ ልጄ! ስጫት። በየዓመቱ የማዝንበት ነገር ይሄ ነው።

ትራያል (ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚሰጠው የሙከራ ፈተና) አልቆ የትምህርት ቤት ነጥብ ከተላከ በኋላ ደረጃሽ አይነቃነቅም። ከዚያ ወዲያ እሷ ፈተና ላይ የምትጨምረው ነጥብ የክፍሉን አማካይ ያነሳል። የሷ ነጥብ ከክፍሉ ከፍተኛው ከሆነ ደግሞ አንቺም አብረሽ ትነሻለሽ። አንድ ዓመት አንደኛ የነበረው ተማሪዬ ፈተናው ቀን ታሞ እንደ ምንም ጨረሰ። ሁለተኛዋ ግን አሪፍ ሠራች። የሷ ነጥብ የሱ የትምህርት ቤት ነጥብ ሆነ። ሁለቱ ዓመቱን ሙሉ አብረው ያጠኑ ነበር። አብራችሁ አጥኑ። የድሮ ፈተና አብራችሁ ሥሩ።

አንድ አባት፦ ስመ ጥር ትምህርት ቤት ገብቶ 60ኛ ከሚሆን፣ ሰፈር ውስጥ አንደኛ ይሁን። እኔ የምለው ይሄን ነው።

ሌላ እናት፦ ተሳስተዋል! ክፍሉ ደካማ ከሆነ አንደኛውንም ይጎትተዋል።

አባት፦ ማን አለ? የወንድሜ ልጅ ከሰፈር ትምህርት ቤት ነው ሕክምና የገባው።

ሌላ እናት፦ አንድ ልጅ ማስረጃ አይሆንም። የእኔ ልጅ ደግሞ በቀን ሁለት ሰዓት ባቡር ላይ ነው፣ ግን ጓደኞቹ ሁሉ የሚያጠኑ ናቸው።

መልስ፦ ባቡሩን እናቆየው። ጠንካራ ክፍል ውስጥ 60ኛ የሆነ ልጅ የሚያዝለት እዚያ ያሉ ልጆች ያመጡት ነጥብ ነው፤ እሱም ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። ደካማ ክፍል ውስጥ አንደኛ የሆነ ደግሞ ከክፍሉ ከፍተኛው ይያዝለታል፤ ራሱ ካመጣው ማንም አይጎትተውም። ልጁ ደስ ብሎት የሚማርበትን ምረጡ።

ጥያቄ፦ ኤታር ከፍ የሚያደርገው የትኛው ትምህርት ነው?

መልስ፦ ልጁ የሚችለው።

ጥያቄ፦ ግን ኤክስቴንሽን ሒሳብ ስኬሊንጉ ጥሩ ነው ይባላል?

መልስ፦ ስኬሊንግ፣ ማለትም የትምህርቶችን ነጥብ ለኤታር ማመጣጠን፣ የሚሠራው ዩኤሲ (የዩኒቨርሲቲ ቅበላ ማዕከል) ነው። የሚያየው ያን ትምህርት የወሰዱት ልጆች በሌላው ትምህርታቸው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆኑ ነው። የማይችለውን ወስዶ መጨረሻ የወጣ ልጅ ስኬሊንግ አያድነውም። እደግመዋለሁ፣ ደረጃ።

አንድ አባት፦ ልጄ ኤታር 75 አመጣች። 100 ለመሙላት 25 ጎደላት ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ወንድሜ። ልጅቱን እንዳይቆጧት። ኤታር የፈተና ነጥብ ሳይሆን ራሱ ደረጃ ነው። 75 ማለት ከእድሜ እኩዮቿ 75 በመቶውን ትበልጣለች ማለት ነው፣ ኤችኤስሲ ያልደረሱትም ተቆጥረው። ጣሪያው 99.95 ነው፤ 100 የሚባል የለም። ጥሩ ሠርታለች፤ ይንገሯት።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ነጥብ ይቆጠራል?

መልስ፦ አይቆጠርም። ግን የኤችኤስሲ ትምህርት የሚጀምረው በዚያው ዓመት አራተኛው ተርም ላይ ነው። እንዳትዘናጉ።

ጥያቄ፦ እኛ ሜልበርን ነን። ቪሲኢስ (የቪክቶሪያ የ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ)?

መልስ፦ የቪክቶሪያ አሠራር ሌላ ነው። እዚያ ያለ አስተማሪ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ስለ ኤታር ጠቅለል አድርገው ቢያብራሩልን።

መልስ፦ ምኑን? ለይተው ይጠይቁኝ።

ሌላ እናት፦ ልጄ በባዮሎጂ 88 ነበራት፣ 79 አሏት። ነጥቧን ቆረጡባት?

መልስ፦ እህቴ፣ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡት። ስንተኛ ነበረች?

እናት፦ አላውቅም። ካርዷ ላይ ነጥቡን ብቻ ነው ያየሁት።

መልስ፦ የመጨረሻው ፈተና ካለቀ በኋላ ተማሪዋ ራሷ በኔሳ አካውንቷ ገብታ ደረጃዋን ታያለች። ከጠበቀችው በጣም ከራቀ ለትምህርት ቤቱ ወዲያው ማመልከት ነበረባት፤ ጊዜው አጭር ነው። የሚታይላትም የስሌት ስህተት እንጂ የየአሳይመንቱ እርማት አይደለም።

እናት፦ አሁን ጠየቅኳት። ከ14 ሦስተኛ ናት።

መልስ፦ ጎበዝ ልጅ ናት። 88ቱን ይርሱት።