የላፕቶፕ ስክሪን ለመቅረጽ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

ጥያቄ፦ ፒችትሪና ኤክሴል በአማርኛ የማስተምርባቸው ቪዲዮዎች እያዘጋጀሁ ነው። ላፕቶፔ ኮር አይ 5፣ ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ዊንዶውስ 10 ነው። ባትሪው ስለሞተ መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ይጠፋል፤ ስቀርጸው የነበረው ኤምፒ4 ፋይልም ከዚያ በኋላ አልከፈት ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ስናገርለት የነበረው ሜኑ ቪዲዮው ላይ የለም። ምን ልጠቀም?

መልስ፦ ኦቢኤስ ስቱዲዮን ይጫኑ። ነጻ ነው፣ ቪዲዮው ላይ የራሱን ምልክት አይለጥፍም፣ የሰዓት ገደብም የለውም። ለእርስዎ የመረጥነው ግን በዋናነት በመብራቱ ምክንያት ነው። የተለመደው ኤምፒ4 ማውጫውን የሚጽፈው ቀረጻው ሲያልቅ ነው። መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ምስሉ ዲስኩ ላይ ቢኖርም ማጫወቻው የቱ ከየት እንደሚጀምር ማወቅ አይችልም። ኤምኬቪ የሚባለው ሌላው የቪዲዮ ፋይል ዓይነት ግን እስከተቋረጠበት ድረስ ይከፈታል። ሴቲንግስ ውስጥ አውትፑት ገብተው ሪከርዲንግ ፎርማቱን ኤምኬቪ ያድርጉ። ሲጨርሱ ፋይል ከሚለው ሜኑ ሪማክስ ሪከርዲንግስን ተጭነው ወደ ኤምፒ4 ይለውጡት፤ ምስሉ እንደገና ስለማይጨመቅ ጥራቱ አይነካም።

ሜኑዎቹ የሚጠፉት አንድ መስኮት ብቻ መርጠው ስለሚቀርጹ ይመስለናል። ኤክሴል ላይ ተዘርግቶ የሚወርደው ዝርዝር ለዊንዶውስ ሌላ መስኮት ነው። ሶርስስ ሥር ዊንዶው ካፕቸርን ትተው ዲስፕሌይ ካፕቸርን ይምረጡ። ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ያለ ሁሉ ስለሚቀረጽ ቴሌግራምን አስቀድመው ይዝጉ፤ የግል መልእክት ብቅ ሊል ይችላል። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ጌም ባር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ዴስክቶፑንም ሆነ ፋይል ኤክስፕሎረርን አይቀርጽም።

ላፕቶፑ እንዳይጨናነቅ ቪዲዮውን የሚጨምቀውን ኢንኮደር ኩዊክሲንክ ያድርጉ፤ ሥራውን ከፕሮሰሰሩ ላይ ወደ ኢንቴል ግራፊክሱ ያዛውረዋል። የሒሳብ ገጽ ብዙ ስለማይንቀሳቀስ በሰከንድ 20 ፍሬም ይበቃል። ቢትሬቱን፣ ማለትም ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ የሚጻፈውን የመረጃ መጠን፣ 2500 ኪሎቢት ካደረጉ የ10 ደቂቃ ትምህርት 200 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል።

ቁጥሮቹ እንዳይደበዝዙ ቪዲዮ ሴቲንግ ውስጥ ያሉትን ሁለቱንም ሬዞሉሽኖች ከስክሪንዎ ጋር እኩል ያድርጉ። 1366 በ768 የሆነን ስክሪን ወደ 1920 በ1080 መለጠጥ ፊደሉን ያደበዝዛል እንጂ አያጠራውም። አብዛኛው ተማሪ በስልክ ስለሚያይ ኤክሴሉን ራሱን ወደ 130 ፐርሰንት ያጉሉት።

ኦቢኤስ ቪዲዮ አይቆርጥም። ለመቁረጥ ነጻ የሆነውን ሾትከት ይጠቀሙ። ካምታዚያ መቅረጹንም መቁረጡንም በአንድ ላይ ይዟል፤ ነገር ግን ይከፈልበታል፣ ለ4 ጊጋባይት ራምም ይከብዳል።

ጥያቄ፦ በኦቢኤስ ስቀርጽ ድምፄ በግራ ጆሮ ብቻ ይሰማል፤ የላፕቶፑ ፋንም ይጮኻል።

መልስ፦ ኦዲዮ ሚክሰሩ ላይ አድቫንስድ ኦዲዮ ፕሮፐርቲስን ከፍተው ከማይኩ ጎን ሞኖ የሚለውን ምልክት ያድርጉበት። ለፋኑ ፊልተርስ ውስጥ ኖይዝ ሰፕረሽን ይጨምሩ። ማይኩ ሩቅ ከሆነ ግን ፊልተሩ ድምፅዎንም አብሮ ይበላል፤ ስለዚህ ከአፍዎ አንድ ስንዝር ያህል፣ ትንሽ ወደ ጎን አድርገው ያስቀምጡት። ሲናገሩ መለኪያው ቢጫው ላይ ይመላለስ፣ ቀዩን አይንካ። ሙሉውን ከመቅረጽዎ በፊት 1 ደቂቃ ቀርጸው በኢርፎን ያዳምጡት።